የግድግዳው ሳጥን ሹመት

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ የስብሰባ ክፍል፣ የኔትወርክ ዕድገት አስተባባሪ ዐቢይ ኮሚቴ ሰባ አራተኛ መደበኛ ስብሰባውን ሲያካሂድ የተገኙት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ምክትላቸው፣ የንብረት ክፍል ሹሟና የኔትወርክ ባለሙያዋ ነበሩ። አንዲት የሙከራ ሠራተኛም በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ወንበር ስላልተፈቀደላት በተሰብሳቢነት አልተቆጠረችም። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን አልተገኘም፤ አልተጠራምም። በኋላ ከሆነው ነገር ስንነሣ ይህ ከባድ ጉድለት እንደነበር ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አምኗል።

መሥሪያ ቤታችን የሰነድ ትክክለኛነት ያረጋግጣል። ሰው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ በኮምፒውተሩ ከማኅደር ጋር ያመሳክርለታል። ትክክል ከሆነ ማኅተም ይመታለታል፤ ትክክል ካልሆነ «ነገ ይመለሱ» ይባላል። ትክክል ሆኖም ብዙ ጊዜ «ነገ ይመለሱ» ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱ በሰው መካከል አድልዎ አያውቅም። «ነገ ይመለሱ» የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደል አጽፈው በየመስኮቱ ያሰቀሉት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው።

ድሮ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ሳለን አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በገመድ ተያያዙ። የሚላከው ነገር ወዴት እንደሚሄድ እንዲያውቅ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር ያለ ቁጥር ተሰጠው። ሁሉንም የሚያገናኘው አንድ ሳጥን ሽንት ቤቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሳጥኑ ግንባሩ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለችው፤ ሥራው ሲቃና አረንጓዴ ትበራለች፣ ሥራ ሲበዛበት ቢጫ ትሆናለች። ከሥሩ ባለው ሚስማር ላይ የወለል መወልወያ ይንጠለጠላል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ አደገ። ዕድገት ደግሞ አስተባባሪ ካላገኘ እንደ አረም ይሆናልና ኮሚቴው ተቋቋመ።

ኮሚቴው በአራት ዓመት ውስጥ ያከናወነውን ሁሉ መዘርዘር ጊዜ ይወስዳል። ባጭሩ፣ የደብዳቤ ራስጌ አሳትሟል፣ ማን በየት በኩል እንደሚቀመጥ ወስኗል፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል መሪ ቃልም አጽድቋል። አንበሳው እስካሁን አልተገኘም። ድሩ ግን በጠረጴዛ ሥርና በደረጃ ላይ ተዘርግቶ ያገኘውን ሁሉ ያስራል፤ ባለፈው ወር ምክትል ኃላፊውን ራሳቸውን በግንባራቸው ደፍቷቸዋል።

የማክሰኞው አጀንዳ በር አጠገብ የቆመችው ልጅ ነበረች። መስኮት ስድስት አዲስ ስለተከፈተ፣ እሷም እዚያ ስለተመደበች፣ ስሟን የሚጠራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ «መስኮት ስድስት» ነው የሚላት። አዲስ ወንበር፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ኮምፒውተር ተሰጥቷታል። ለኮምፒውተሩ ቁጥር አልተሰጠውም። ስለዚህ ሥራ ከጀመረች ጀምሮ ለመጣው ሁሉ በትሕትና መስኮት አምስትን በጣቷ ስታሳይ ከርማለች። የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ አርባ ባለጉዳይ ካላስተናገደች «ብቃት አላሳየችም» ተብላ ትሰናበታለች። እስከ ማክሰኞ ያስተናገደችው ዜሮ ነበር። እናቷ ግን «ልጄ መሥሪያ ቤት ገባች» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል።

«ለልጅቷ ቁጥር ያስፈልጋታል» አለች ባለሙያዋ። «ያሉን ቁጥሮች ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ናቸው፤ ሁሉም ተይዘዋል።»

«ሠራተኛው እኮ ሁለት መቶም አይሞላም!» አሉ የንብረት ሹሟ። «የት ገቡ?»

«ሠላሳ አንዱ በጡረታ የወጡ ሰዎች ቁጥር ነው።»

«እነሱንማ እንዳትነኪ!» አሉ ኃላፊው። «ዕድሜያቸውን የሰጡን ሰዎች ናቸው። በስተርጅና ቁጥራቸውን እንቀማቸው?»

«አራቱ ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር። የሞተ ሰው ቁጥር ይነካል? ወግ የለም እንዴ!»

«ሃምሳው ደግሞ ‹ወደፊት ለሚሾሙ አለቆች› ተብሎ ተይዟል።»

«እሱ ራእይ ነው» አሉ ምክትሉ። «ራእይ አይነካም።»

ባለሙያዋ ከቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። ጫፉ ከመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። «እንግዲያው ይቺን ፍቀዱልኝ። ቁጥሩን አሰፋዋለሁ፤ እጥፍ ይሆናል። አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚፈጀው።»

ክፍሉ ውስጥ ቅሬታ ተሰማ።

«አንድ ጠዋት?» አሉ ኃላፊው። «አራት ዓመት ያጠናነውን በአንድ ጠዋት?»

«ልጄ» አሉ ምክትሉ በአባታዊ ድምፅ፣ «ቁጥር ሲበዛ ክብሩ ይረክሳል። ለምን ትቸኩያለሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እንቁላል አራት ዓመቱ ነው። አሁን ቢሰበር የሚወጣው ሽታ ነው።»

ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ተወሰነ። ባለሙያዋም ቢያንስ አንድ ትርፍ ቁጥር እንዲፈለግ ብላ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የዚህ ቅንነት ውጤት ነው።

ምክትሉ መነጽራቸውን አደረጉ። «አምስት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አራት ላይ ያለው ማነው?»

«ማተሚያው።»

«እኔ ከማተሚያ በታች ነኝ?»

«ኧረ ደረጃ አይደለም! የቤት ቁጥር ማለት ነው። ማተሚያው ቀድሞ ስለገባ ነው።»

«ማተሚያው ስንት ዓመት አገልግሏል?»

«ስድስት።»

«እኔ ሃያ ሁለት! ያውም እንደሱ ወረቀት ሳልነክስ!»

ኃላፊው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እየሳቁ ጣታቸው በዝርዝሩ ላይ ወደ ላይ ወጣች፤ የራሳቸውን ስም ሁለት ላይ አገኘች፤ ቆመች። ሳቁም ቆመ።

«አንድ ላይ ማነው?»

ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሳጥኑ ነው።»

«የትኛው ሳጥን?»

«ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው።»

«መወልወያ የሚንጠለጠልበት?»

«እሱ።»

ምክትሉ ለኃላፊው አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዱላቸው። የንብረት ሹሟ «ጉድ ነው!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ለስንት ዓመት ይህ መሥሪያ ቤት በመወልወያ መስቀያ ሥር ሲተዳደር ኖሯል ማለት ነው! ባለሙያዋ «ጌታዬ፣ አንድ ማለት እኮ...» ብላ ጀምራ ነበር፤ «ከውሳኔ በኋላ ታስረጃለሽ» ተባለች።

ውሳኔውም ሰው በሰውነቱ፣ ዕቃ በዕቃነቱ የሚከበርበት ታሪካዊ ውሳኔ ሆነ። ምክትሉ አራትን ወሰዱ፣ ማተሚያው ወደ አምስት ወረደ። ኃላፊው አንድን ያዙ፤ ሳጥኑ የሁሉ መጨረሻ ወደሆነው ሁለት መቶ ሃምሳ አራት ተዛወረ፤ እዚያ የነበረው የበር ካሜራም ተነቀለ፣ ሌባ ቢመጣ በዐይን ይታያል ተብሎ።

«እንግዲያው ሁለት ቁጥር ባዶ ሆነ» አለች ባለሙያዋ። «ለመስኮት ስድስት ልስጣት?»

«ለሙከራ ሠራተኛ? ከኃላፊው አጠገብ?» አሉ ምክትሉ። «ሁለት ባዶውን ይቀመጣል። ለክቡር ኃላፊ መተንፈሻ ይሁን።»

መስኮት ስድስት በሩ አጠገብ ሆና እጅ ነሥታ ወጣች። ደረጃው ላይ የቆመው ዘበኛ «እህቴ፣ ተሳካልሽ?» ቢላት «ለኃላፊው ተሳክቷል» አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሥሪያ ቤቱ በአዲስ ክብር ሥራ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሥራ አቆመ።

በመጀመሪያ የተጎዱት ምክትሉ ናቸው። የሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተር ማተሚያው አራት ቁጥር ላይ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እንዲታተም የተላከ ሁሉ ምክትሉ ዘንድ ሄዶ ቀረ። እሳቸውም ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን እንኳን አላተሙም። «ሥራ በዝቶብኛል» እያሉ ግን ለሚስታቸው ስልክ ደውለዋል።

የኃላፊው የባሰ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ከማኅደር አንድ ነገር ሲፈልጉ ጥያቄያቸውን ለቁጥር አንድ ይሰጣሉ፤ ቁጥር አንድ ያሳልፍላቸዋል። ከረቡዕ ጀምሮ የአምስቱ መስኮቶች ጥያቄ በሙሉ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ገባ፤ አንዱም አልወጣም። ባለጉዳዩ እስከ ውጭው በር ተሰለፈ። «ነገ ይመለሱ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አገኘ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ማብራሪያውን ለመስጠት ለባለሙያዋ ፈቃድ ተሰጣት።

«አንድ ቁጥር ዙፋን አይደለም፤ በር ነው። ሁሉም የሚወጣውም የሚገባውም በሱ ነው። ሳጥኑ የተቀበለውን ያሳልፋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ይቀበልና ዝም ይላል።»

«እና እኔ በር ነኝ ነው የምትይኝ?»

«በርስ ይከፈታል፣ ጌታዬ።»

«የሁሉም ጉዳይ እኔ ጋ መጥቶ እየቆመ ነው?»

«ክቡር ኃላፊ፣ ይህ እኮ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ ምክትሉ ሊያጽናኗቸው ብለው። «ኔትወርክ ሳይኖርም እንዲሁ ነበር።»

ይህም ንግግር ከቃለ ጉባኤው ተሰረዘ።

«በቃ ቁጥሩን ለሳጥኑ እንመልስለት» አሉ የንብረት ሹሟ።

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ኃላፊው። «አንድ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ነው ብለን ፈርመናል። የተፈረመ ውሳኔ ስድስት ወር ሳይሞላው አይሻርም። ደግሞስ እኔ አንዴ ወጥቼ ልውረድ? ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን ጊዜ በር አጠገብ የቆመችው መስኮት ስድስት እጇን አወጣች። «ይቅርታ... ነገ ዓርብ ነው።»

«እናውቃለን» አሉ ምክትሉ። «ከነገ ወዲያም ቅዳሜ ነው።»

ባለሙያዋ ከረቡዕ ጀምሮ አላረፈችም፤ ትዕግሥቷም እንደ ወረቀቷ ጫፍ ሊበጠስ ደርሷል። «እንግዲያው ውሳኔውን ሳትሽሩ ሳጥኑን ኃላፊ አድርጋችሁ ሹሙት!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ቀልዷን ነበር። ዐቢይ ኮሚቴው ግን ቀልድ ለመስማት አልተቋቋመም።

ጉዳዩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኃላፊው ዓርብ ጠዋት ለዐሥር ቀን የልምድ ልውውጥ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ነበር። የልውውጡ ርእስ «የኔትወርክ ዕድገት አመራር» ነው። በሌሉበት ተጠባባቂ ያስፈልጋል። ምክትሉ ሹመቱን ይፈልጉታል፤ የንብረት ሹሟም ይፈልጉታል። ሁለቱ ሰዎች ለሦስት ሳምንት ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ምክትሉ የንብረት ሹሟን አዩ። የንብረት ሹሟ ምክትሉን አዩ።

«እኔ በበኩሌ» አሉ ምክትሉ፣ «ከአንዳንድ ሰው ይልቅ ሳጥኑን እመርጣለሁ።»

«ከአፌ ነጠቁኝ!» አሉ የንብረት ሹሟ። «ሳጥን እንኳን ያየውን አያወራም።»

ኃላፊው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሳጥን ደግሞ አይበላም፣ አይቆጨውም፣ ወንበርም አይለምድም። ስመለስ ወንበሬ በነበረበት ይቆየኛል አሉ በሆዳቸው። የሹመት ደብዳቤው በዚያው ሰዓት ተጻፈ፤ የሚታተመው አሁንም ምክትሉ ዘንድ ስለሚቀር በእጅ ተጻፈ። ሳጥኑ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ ቁጥር አንድም ከነሙሉ ሥልጣኑ ተሰጠው። ደብዳቤውም በሳጥኑ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ። መወልወያው ከሚስማሩ ወርዶ ወደ ምድር ቤት ተዛወረ፤ ከሹመቱ በኋላ ሳጥኑን «አንተ» የሚል ሠራተኛ አልተሰማም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እኛም «እሳቸው» እንላለን።

አንድ ጣጣ ቀረ። «መንገደኛ በእጁ ያለውን ንብረት ያስረክባል» አሉ የንብረት ሹሟ፤ ደንብ ላይ ሲመጡ ማንንም አይምሩም። «ክቡር ኃላፊ ይይዙት የነበረው ሁለት ቁጥር በመዝገብ በስምዎ ነው። ያስረክቡ።»

«ለማን?»

«ወረፋ ለያዘ። ወረፋ የያዘው ማነው?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩ። መስኮት ስድስት ማመልከቻዋን ካስገባች በዚያ ቀን ሃያ አንድ ቀን ሆኗት ነበር። ወረፋ ላይ ከሷ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል።

ባለሙያዋ ቁጥሮቹን ለማስተካከል አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ተጠባባቂ ኃላፊው የተቀበሉትን ሁሉ ያሳልፉ ጀመር። ፋይል ይዘው አላደሩም፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አልተባለም፤ ስልክ ላይ ናቸው አልተባለም። አረንጓዴ መብራታቸው ስትርገበገብ ዋለች።

መስኮት ስድስት ሐሙስ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው አስተናገደች። ዓርብ ከምሳ በፊት ሠላሳ አምስት ደረሰች። ዘበኛው በራሱ ፈቃድ ሰልፉን ከመስኮት አምስት እየከፈለ ወደ እሷ ይልክ ነበር። «ወዲህ፣ እናቴ! ወዲህ፣ አባባ! ስድስት ባዶ ነው!» ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አርባኛው ባለጉዳይ ማኅተሙን አስመትቶ ሲያመሰግናት ዕንባዋ መጣ፤ ሰውዬው ወረቀቱ የተበላሸበት መስሎት ደነገጠ።

የሙከራ ጊዜዋ ማጠናቀቂያ ቅጽ ግን የኃላፊ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ኃላፊው አውሮፕላን ላይ ናቸው። ተጠባባቂው ደግሞ እጅ የላቸውም። ከአሥር ሰዓት በፊት ካልተፈረመ አርባው ሰው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ኮሚቴው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ተጨነቀ።

«ጉዳዩን እናቅርብላቸው» አሉ ምክትሉ በመጨረሻ፤ ቅጹንም በሁለት እጃቸው ይዘው ከሳጥኑ አናት ላይ አኖሩት። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። መስኮት ስድስት ዐይኗን ጨፈነች።

አረንጓዴ በራ።

«ፈቅደዋል!» አሉ ምክትሉ። የንብረት ሹሟም ማኅተሙን መቱበት። ቅጹ ላይ የተጻፈው ሰዓት ዘጠኝ ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሩ ደንብ ሆነ። ጉዳይ ያለው ወረቀቱን ሳጥኑ ላይ ያኖራል፤ አረንጓዴ ከበራ ተፈቅዷል፣ ቢጫ ከበራ «ነገ ይመለሱ» ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ ያቺን የተጣጠፈች ወረቀቷን አኖረች። አረንጓዴ ሆነ። በዚያው ጠዋት ቁጥሩ ተስፋፋ፣ ምክትሉና ማተሚያውም ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ምክትሉ በተጠባባቂው ትእዛዝ መሆኑን ሲሰሙ አልተከራከሩም። በሳምንት ውስጥ አራት አዳዲስ መስኮቶች ተከፈቱ። ኮሚቴው ሰባ አምስተኛ መደበኛ ስብሰባውን ለመጥራት ሞክሮ አጀንዳ አጣ።

ኃላፊው በዐሥረኛው ቀን «የኔትወርክ ዕድገት አመራር» የሚል የምስክር ወረቀት በመስተዋት አስገብተው ተመለሱ። ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። ባዶ ሆኖ የተገኘው ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ነው ተባሉ።

«እኔ? ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ?» አሉ። «ሁለቴስ?»

«ሁለት የመስኮት ስድስት ነው፣ ጌታዬ» አለቻቸው ባለሙያዋ። «ቋሚ ሆናለች። የተፈረመ ሹመት ስድስት ወር ሳይሞላው አይሻርምና ቅሬታ ካለዎት ለተጠባባቂው ያመልክቱ።»

«ተጠባባቂው ሳጥን ነው!»

ምክትሉ በድንጋጤ ወደ ኋላቸው ዞረው ተመለከቱ። «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ወንድሜ። ይሰማሉ።»

ኃላፊው ማመልከቻ ጻፉ። «ወደ ቀድሞ ቁጥሬና ሥራዬ እንድመለስ» ይላል። ማመልከቻውን ይዘው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ ራሳቸው ሄደው ሳጥኑ ላይ አኖሩት። በዚያ ሰዓት ዐሥሩም መስኮቶች ይሠሩ ነበር፤ ሰልፉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ማተሚያውም ያትም ነበር። ሳጥኑ ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

ቢጫ በራ።

ኃላፊው ጥቂት ጠበቁ። ቢጫው አልተለወጠም። መስኮት ስድስት ለምሳ ስትወጣ አየቻቸውና አጎንብሳ ሰላም አለቻቸው፤ ከዚያ ወደ መብራቱ አየች፣ ወደ እሳቸውም አየች።

«ጌታዬ» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ነገ ይመለሱ።»

በማግስቱ ተመለሱ። ሰልፍ ስለነበረ ያን ቀንም ቢጫ ነበር።